ጠቅልሎ ለመግባት የሚያዝ ደብተር

(ስታዲየም አካባቢ በተካሄደው የማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከሂሳብ ክፍል ንግግር ሲባል የገቢና የወጪ ሪፖርት እንደሚጠበቅ እናውቃለን። ሪፖርቱ ተባዝቶ በእጃችሁ ስላለ አናነበውም። ዛሬ የምንናገረው በማኅበሩ መዝገብ ላይ ስለማይገኝ፣ ነገር ግን በየቤታችን ስለሚዞር ገንዘብ ነው። ውጭ አገር ሆነው አንድ ቀን ጠቅልለው ለመግባት የሚያስቡ እህቶቻችን፣ ልጆቻችን፣ የአንዳንዶቻችንም እናቶች የሚልኩት ገንዘብ ነው።

ከመካከላችን ውጭ ዘመድ የሌላት እጇን ታውጣ ብንል ብዙ እጅ አናይም። ቤይሩት አለች፣ ሪያድ አለች፣ ዱባይ፣ ኩዌት፣ ዋሽንግተን፣ ለንደን። ስልኩ በተደወለ ቁጥር የምንሰማው ቃል ግን ከየትም ቢመጣ አንድ ነው፤ «ትንሽ ጊዜ ነው፣ ጠቅልዬ እገባለሁ።» ትንሽ ጊዜ የተባለው 10 ዓመት ይሆናል፣ አንዳንዴም 30 ዓመት። ከአብዮቱ በኋላ በሱዳን በኩል ወጥተው አሜሪካ የገቡት ወጣቶች ዛሬ አያቶች ናቸው። እነሱም ያኔ «ነገሩ እስኪረጋጋ» ብለው ነበር የወጡት።

መመለስ ሲወራ የአውሮፕላን ቲኬት ጉዳይ ይመስላል። እኛ ከምናየው ሂሳብ ተነስተን የምንለው ግን፣ መመለስ ሁለት ሴቶች ለብዙ ዓመት አብረው የሚይዙት ደብተር ነው። አንደኛዋ ውጭ ናት። ሁለተኛዋ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣለች። ገንዘቡን ከባንክ የምናወጣው እኛ ነን። ቤቱን የምናሠራው፣ ተከራዩን የምናስገባው፣ ውክልናውን በቁም ሳጥን ውስጥ አጣጥፈን ያስቀመጥነው እኛ ነን። ስለ ተመላሾች በተወራ ቁጥር ስለ ሄደችው ብቻ ይወራል፤ ስለ ተቀባይዋ የሚናገር የለም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ራሳችን እንናገር።

ለምን አሁን? ካዛንቺስን አይታችኋል። ከዚህ ከስታዲየም በእግር የምንደርስበት ሰፈር ነው፤ ብዙዎቻችን እዚያ ተወልደናል፣ እዚያ አግብተናል። ስሙ ራሱ የመጣው ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች ነው። «ካዛ» ቤት ማለት ነው፣ «ኢንቺስ» ደግሞ ቤቶቹን የሚያሠራው ድርጅታቸው ምሕጻረ ቃል። (ከአገራቸው ርቀው የመጡ ሰዎች ሰፈር መሆኑ ነው እንግዲህ። ሰዎቹ አምስት ዓመት ቆይተው ሄዱ፣ ስሙ ለእኛ ቀረ።) በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲደርስ ቤቶቹ ፈረሱ፤ ነዋሪውም ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛወረ። ከአባሎቻችንም የተዛወሩ አሉ፤ ዛሬ እዚህ ለመድረስ በሌሊት የተነሣችሁ አላችሁ፣ እናመሰግናለን።

ያን ጊዜ ከውጭ የተደወሉትን ስልኮች አስታውሱ። «ቤታችንስ?» የሚሉ። አብዛኛው ቤት የቀበሌ ቤት ነበር። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ ወዲህ፣ በኋላም ቀበሌ የሚያስተዳድረው ቤት ውስጥ ያለ ሰው ተከራይ እንጂ ባለቤት አይደለም። ውጭ ያለችው እህት ለጣሪያው ቆርቆሮ ልካለች፣ ለሴራሚኩ ልካለች፣ ግቢው ውስጥ ለተጨመረችው ክፍል ልካለች። በልቧ ያ ቤት የእሷ መመለሻ ነበር። በወረቀት ግን ስሟ የትም የለም። ምትክ የተሰጠው በመዝገብ ላይ ላለው ሰው ነው። እድሩም ተበትኗል፤ ግማሹ ገላን፣ ግማሹ ሌላ ጋ። እንግዲህ ሰፈሩ በሌለበት «ወደ ሰፈሬ እገባለሁ» የምትለው እህታችን የምትገባው የት ነው? ይህን ጥያቄ ከእሷ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ያለበት ሰው እኛ ነን፤ እስካሁን ያልነገሯት ካላችሁ ንገሯት።

ከሁሉ በፊት የሚመለሱት ሰዎች አንድ ዓይነት እንዳልሆኑ እንያዝ። ጡረታ ይዛ የምትመለሰው አለች፤ ምንም ጡረታ ሳትይዝ የምትመለሰው አለች። የሁለቱ ሂሳብ በአንድ ገጽ አይጻፍም።

ጡረታ ያላትን በአጭሩ እንለፋት። አሜሪካ የሠራች ሰው 40 ነጥብ፣ ማለትም በተለምዶ የ10 ዓመት ሥራ፣ ካሟላች የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ታገኛለች። ከ62 ዓመቷ ጀምሮ ተቀንሶ፣ በ1960 እና ከዚያ ወዲህ በፈረንጆች አቆጣጠር ለተወለደች ደግሞ በ67 ዓመቷ ሙሉው ይከፈላታል። ዜግነት ያላት ከሆነች ኢትዮጵያ ሆናም ትቀበላለች። ግሪን ካርድ ብቻ የያዘች ግን ረጅም ጊዜ ከወጣች ካርዱም ሊያሰጋት ይችላል፣ ክፍያውም የራሱ ሕግ አለው፤ ዕቃዋን ከመሸጧ በፊት ጠይቃ ታረጋግጥ። የሚዘነጋው ትልቁ ነገር ሕክምናው ነው። ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ የአረጋውያን የጤና መድን ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና በጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆነ በቀር አይከፍልም። ብዙ እናቶች ስድስት ወር እዚህ ስድስት ወር እዚያ የሚሉት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። «ልቧ አልቆረጠም» እያልን እናማቸዋለን፤ የቆረጠው ልብ ቢሆንም የስኳሩና የደም ግፊቱ መድኃኒት ግን እዚያ ነው ያለው።

ለንደን ያለችው ደግሞ ሌላ ነገር ማወቅ አለባት። የእንግሊዝ መንግሥት ጡረታ ኢትዮጵያ ድረስ ይከፈላል፤ ጭማሪው ግን አይከተላትም። እንግሊዝ ውስጥ ያለ ጡረተኛ በየዓመቱ ሲጨመርለት፣ ወደ ኢትዮጵያ የመጣችው ባለችበት መጠን ላይ ቆማ ትቀራለች። ለአሜሪካና ለአውሮፓ ኅብረት አገሮች ነዋሪዎች ጭማሪው ይደርሳቸዋል፣ ለእኛ አገር አይደርስም። ካናዳና አውስትራሊያ የሚኖሩ እንግሊዛውያን ራሳቸው በዚህ ጉዳይ ስንት ዓመት ሲጮኹ ኖረዋል። በ67 ዓመቷ የምትመጣ እናት 20 ዓመት ብትኖር፣ 20 ዓመት ሙሉ ያው ፓውንድ ነው። ይህን አውቃ ከመጣች ችግር የለውም፤ ሳታውቅ ከመጣች ግን ከሦስት ዓመት በኋላ «ምን ቀነሱብኝ?» ትላለች።

አሁን ረዘም አድርገን መቆየት የምንፈልገው ስለ ዓረብ አገሯ እህታችን ነው፤ ከእኛ ቤት የሄደችው በብዛት እሷ ናትና።

በ20 ዓመቷ ትሄዳለች። በ40 ወይም በ45 ትመለሳለች። ጉልበቷን በሰው ቤት ጨርሳለች፣ ጡረታ ግን አልተጠራቀመላትም። በሊባኖስ ለምሳሌ የቤት ሠራተኛ ጭራሹን ከአገሪቱ የሥራ ሕግ ውጭ ናት። የምትመለስበትንም ቀን ሁልጊዜ እሷ አትመርጥም። ኅዳር 2006 ዓ.ም. ላይ ሳዑዲ ዓረቢያ ማባረር ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ቦሌ ብርድ ልብስ ለብሰው የወረዱትን ያየች ሁሉ ታስታውሳለች። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ቤይሩት ውስጥ ኢኮኖሚው ሲወድቅ አሠሪዎች እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው ቆንስላችን በር ላይ እየጣሉ ሄዱ። ደመወዛቸው ሳይከፈል ወራት ያለፋቸው ነበሩ። እነዚህ ሴቶች «በዚህ ዓመት እመለሳለሁ» ብለው ያቀዱ አልነበሩም። ስለዚህ የዓረብ አገሯ እህታችን ደብተር ነገ ትመጣለች ተብሎ ዛሬ የሚያዝ መሆን አለበት።

ገንዘቧ የት ነው? ብዙ ጊዜ በእኛ ስም ወይም በእሷ ስም በተከፈተ የብር ቁጠባ ውስጥ ነው። እስቲ አንድ ምሳሌ እናስላ። ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ላይ፣ ብሔራዊ ባንክ ብርን በ15 በመቶ ባወረደ ማግሥት፣ አንድ ዶላር 27 ብር ገደማ ነበር። ያን ጊዜ አንዲት እህት 300,000 ብር ቁጠባ ነበራት እንበል፤ በዶላር ከ11,000 በላይ ነው። ባንኩ በዓመት 7 በመቶ ወለድ እየከፈላት፣ ወለዱም እየተጠራቀመ ሰባት ዓመት ቢቀመጥ ወደ 482,000 ብር ገደማ ይደርሳል። ጥሩ ይመስላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ግን ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያን 482,000 ብር በ115 ብር ብናካፍለው 4,200 ዶላር አይሞላም። ከ11,000 ወደ 4,200። አንድም ብር አልተሰረቀም፣ አንድም ብር አልጠፋም፤ ደብተሩ ላይ እንዲያውም ጨምሯል።

«እዚህ ከመጣች በዶላር አትገዛም» ትሉናላችሁ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ጤፉም ዘይቱም ቆሞ አልጠበቃትም። በ2014 ዓ.ም. ብቻ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ 7 በመቶ ወለድ እሱን ሊደርስበት አይችልም። ዕቁብ ውስጥ ላለን ሰዎች ይህ አዲስ ነገር አይደለም። መጨረሻ የደረሳት ሴት ምን እንደምትል ሁላችንም ሰምተናል።

ባንኮቻችን ለዲያስፖራ የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ይከፍታሉ፤ በዶላር፣ በፓውንድ፣ በዩሮ። ዲያስፖራ ሲባል ዋሽንግተን መኪና የምትነዳዋ ብቻ ትመስላለች፤ ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራዋም ዲያስፖራ ናት። ፓስፖርቷንና የመኖሪያ ፈቃዷን ይዛ ልትጠይቅ ትችላለች። ለወር ቀለብ የሚላከው በብር ይምጣ፣ ለመመለሻ የሚቀመጠው ግን ሳይመነዘር ይቀመጥ። በእጅ፣ በሰው በሰው የሚላከው ደግሞ አንዳንዴ ጥቂት ብር ይጨምር ይሆናል፤ ደረሰኝ ግን የለውም። ደረሰኝ የሌለው ገንዘብ ነገር በተነሣ ቀን «ልኬያለሁ፣ አልላክሽም» ሆኖ ይቀራል።

ወደ ቤቱ እንምጣ። እዚህ ላይ ብዙ እንባ አይተናል።

በአዲስ አበባ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በጋብቻ ውስጥ ሁለቱም የሚያገኙት ገቢ የጋራ ነው ይላል። አንዲት ያገባች ሴት ኩዌት ሄዳ ደመወዟን ብትልክ ያ ገንዘብ የሁለቱ ነው። በእሱ ስም ብቻ የተገዛውም ቤት፣ የግል ሀብቱ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ነው። በሌላው በኩልም እንዲሁ፤ እሷ በስሟ ብቻ ብታስመዘግበውም የእሱ ድርሻ አለበት። የማይንቀሳቀስ ንብረት የሆነን የጋራ ሀብት መሸጥ የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። ይህ ለባልና ሚስት ነው። ለእህትና ለወንድም ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ ሕግ የለም። ቤቱ በወንድሟ ስም ከተገዛ በወረቀት የወንድሟ ነው፤ ወንድሟ ካገባ ደግሞ ሚስቱም ትገባበታለች። ውጭ ያለችው እህት ከአደራ ቃል በቀር የያዘችው ነገር የለም። አደራ በእኛ ባህል ትልቅ ነገር ነው፤ አደራ ተቀባዩ ሲሞት ግን ልጆቹ የሚያውቁት ካርታውን ነው።

ውክልናም እንዲሁ በደንብ መነበብ አለበት። ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ነው፤ ኪራይ መሰብሰብ፣ ግብር መክፈል፣ ቤት ማደስ። ቤት ለመሸጥና በዋስትና ለማስያዝ በግልጽ የተጻፈ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ «ሁሉንም እንድታደርጊልኝ» ተብሎ የተላከ ወረቀት ሁሉንም አያስደርግም። ተወካይ የሆነች ሴትም ወካይዋ በጠየቀቻት ጊዜ ሂሳብ የማሳየት ግዴታ አለባት፤ ይህ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው፣ የእኛ ፈጠራ አይደለም። ወካይዋ ከሞተች ደግሞ በመርህ ደረጃ ውክልናው እዚያው ላይ ያበቃል። በሞተች ሴት ውክልና ኪራይ እየሰበሰበች ያለች እህት ካለች፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ወራሾች ጉዳይ ትግባ።

ቤቱ ተከራይቶ ከሆነ አንድ አዲስ ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። እህታችን «ለፋሲካ እገባለሁ፣ ተከራዩን አስወጡልኝ» ብላ ብትደውል እንደ ድሮው የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ማስወጣት አይቻልም። የመመለሻዋን ዓመት ከተከራዩ ውል ጋር አቀናጅታ ማሰብ አለባት። ወይም እኛ እናስብላት።

ስለ ወረቀት ትንሽ። የውጭ ዜግነት የወሰደች ሰው በኢትዮጵያ ሕግ ኢትዮጵያዊነቷ ይቀራል፤ ጥምር ዜግነት የለንም። ለእነዚህ ሰዎች ነው ቢጫ ካርድ የምንለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የተፈቀደው፤ አዋጅ ቁጥር 270/1994። ያለ ቪዛ ትገባለች፣ የመኖሪያ ፈቃድ አትጠየቅም፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ትሠራለች፣ ቤት ይኖራታል። መምረጥና መመረጥ አይፈቀድላትም፤ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መቀጠርም እንዲሁ። ዓረብ አገር ያለችው ግን ብዙ ጊዜ ኢትዮጵያዊት እንደሆነች ናት፤ የእሷ ችግር መታወቂያዋ ማርጀቱ፣ ከወላጆቿ መዝገብ ላይ ስሟ መውጣቱ ነው። አሁን ለባንኩም ለሌላውም ፋይዳ እየተጠየቀ ስለሆነ፣ ለዕረፍት በመጣች ጊዜ ከለቅሶ ቤትና ከሠርግ ቤት አንድ ጠዋት ቀንሳችሁ ይዛችኋት ሂዱ።

ጡረታ የሌላት እህት ከተመለሰች በኋላ አንድ በር ክፍት ነው። በግል ድርጅት ቋሚ ተቀጣሪ ብትሆን ከደመወዟ 7 በመቶ እሷ፣ 11 በመቶ አሠሪዋ ለጡረታ ይከፍላሉ። የጡረታ መውጫው 60 ዓመት ነው፣ ዝቅተኛው አገልግሎት 10 ዓመት። በ45 ዓመቷ የተመለሰች ሴት ቁጭ ብላ የምትጠብቅበት ጊዜ የላትም፤ በ50 ዓመቷ ሥራ ብትጀምር ልክ 10 ዓመት ይሞላላታል፣ በ52 ብትጀምር ግን አይሞላላትም። ከዓረብ አገር የመጣች ሴት ሁሉ ሱቅ ወይም ካፌ እንድትከፍት እንመክራለን፤ ደመወዝ መያዝ እንደ ውርደት ይቆጠራል፣ «ያን ሁሉ ዓመት ሠርታ ተቀጣሪ ሆነች» ይባላል። እኛ በዚህ አንስማማም። ሱቁ ይከፈት፣ ግን ከሱቁ ጎን ደመወዝና ጡረታ ያለው ሥራ የሚገኝ ከሆነ ደመወዙን አታስንቋት። በወረዳው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም እናስመዝግባት፤ መዋጮውን ከሱቁ ኪራይ ጋር ስታነጻጽሩት ትንሽ ነው።

ወደ ከባዱ ነገር እንግባ።

ስማቸውን የማንጠራቸው ሁለት እህትማማቾች አሉ። ታላቂቱ 11 ዓመት ሰው አገር ሠራች፣ ታናሽቱ እዚህ ሆና ተቀበለች። ታላቂቱ ስትመለስ «ያጠራቀምሽልኝ የት አለ?» አለች። ታናሽቱ ዝም አለች፤ ዝምታዋም እንደ ጥፋት ተቆጠረባት። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ የንስሐ አባት ገቡ፣ አልበረደም። በመጨረሻ የባንክ ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ወደ እኛ አመጡት። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ቁጭ ብለን በየዓመቱ ለየን። አብዛኛው ገንዘብ የሄደው ለእናታቸው ሕክምና፣ ለትንሹ ወንድማቸው ትምህርትና ለአባታቸው ለቅሶ ነበር። ታናሽቱ ለራሷ የወሰደችው ጥቂት ነበር፤ ከዚያም ባሻገር እናትየዋን ለማስታመም ሥራዋን ትታ ነበር፤ የዚያን ደመወዝ ደግሞ ማንም በየትኛውም ዓምድ ላይ አልጻፈላትም። ታላቂቱ ወረቀቱን አይታ ረጅም ሰዓት ሳትናገር ቆየች። ከዚያ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ለምን አልነገርሽኝም?» ታናሽቱም «እንዳትጨነቂ ብዬ» አለች።

ይህ መልስ በየቤታችን አለ። ውጭ ያለችው እንዳትጨነቅ ብለን የእናት ሕመም እንደብቃለን፣ የቤት ዋጋ መናሩን እንደብቃለን፣ ሰፈሩ መፍረሱንም የደበቁ አሉ። እሷም እንዳንጨነቅ ብላ አሠሪዋ እንደማይከፍላት ትደብቀናለች። ሁለቱም በፍቅር ነው፤ ሂሳቡ ግን ከሁለቱም ወገን ይጎድላል።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከውጭ ገንዘብ የምትቀበል አባል ሁሉ የመመለሻ ደብተር ትያዝ። ከሱቅ የሚገዛ ተራ የተማሪ ደብተር ይበቃል። ቀኑ ይጻፋል፤ የተላከው በዶላርም ይሁን በሪያል ስንት እንደሆነ ይጻፋል፤ የዕለቱ ምንዛሪና የደረሰው ብር ይጻፋል። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ የመጨረሻው ዓምድ ነው፤ ይህ ገንዘብ ለቤት ቀለብ ነው፣ ለመመለሻ ነው ወይስ ለአንቺ ለራስሽ ስጦታ? ይህን የምትወስነው ላኪዋ ናት፣ በላከች ዕለት፣ በድምፅም ቢሆን። ከመመለሻው ተነሥቶ ለእናት መድኃኒት ከዋለ ይጻፍ፤ ማን እንደፈቀደ ይጻፍ። የወሩ መጨረሻ ላይ ገጹ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ በኢሞ ወይም በቴሌግራም ይላክላት። አንዲት እናታችን መጻፍ እንደማይችሉ ነግረውናል፤ የልጅ ልጃቸው ይጽፍላቸዋል፣ እኛም በወር አንዴ እናይላቸዋለን።

ደብተር ስንል ሌባ ፍለጋ የመሰላቸው አባላት እንዳሉ ሰምተናል። ባለፈው ስብሰባ ሻይ ላይ «እህቴ ሳታምነኝ ነው እንዴ የምጽፈው?» ያላችሁን አላችሁ። ደብተሩ አስቀድሞ የሚጠብቀው እዚህ ያለችውን ነው። ያቺ ታናሽ እህት ደብተር ቢኖራት ኖሮ ሽማግሌ ፊት አንገቷን ደፍታ አትቀመጥም ነበር። የማስታመሙም ቀን ይጻፍ፤ እናትን ሐኪም ቤት ያመላለስሽበት፣ ግንበኛውን ፀሐይ ላይ ቆመሽ የተቆጣጠርሽበት፣ ወረዳ የተመላለስሽበት። እሱን በብር ተምኑት አንልም፤ ግን ይታይ።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል አለን። ስለ ስደት የሚሰጠው ሥልጠና ብዙውን ጊዜ ወይ ከመሄዷ በፊት ለምትሄደዋ ነው፣ ወይ ከተመለሰች በኋላ ለተመለሰችው። በመካከል ያሉት 10 ወይም 15 ዓመታት ባዶ ናቸው፤ ገንዘቡ የሚመጣው ግን በእነዚያ ዓመታት ነው። ከተመለሰች በኋላ ለመቋቋሚያ ከምትሰጧት ብር ጥቂቱን፣ ገና እዚያ እያለች እዚህ ገንዘቧን የምትይዘውን ሴት ሂሳብ ለማስተማር ብታውሉት ይሻላል ብለን እናምናለን። የሚያስፈልገው የሕግ አማካሪ በወር ሁለት ቀን፣ የደብተርና የፎቶ ኮፒ ወጪ፣ ለሚርቁት አባላት የትራንስፖርት ነው። ዝርዝሩን ከሪፖርቱ ጀርባ አያይዘነዋል።

ለአባላት፣ የደብተሩ ናሙና በር ላይ ካለው ጠረጴዛ አለ፤ አንዳንድ ውሰዱ። ውክልና የያዛችሁ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ቅጂውን ይዛችሁ ኑ፤ ዋናውን ቤት አስቀምጡት። አብረን እናነበዋለን፣ ምን እንደሚፈቅድና ምን እንደማይፈቅድ በአማርኛ ቀለል አድርገን ጠርዙ ላይ እንጽፍላችኋለን። የባንክ ወረቀት በፌስታል ያጠራቀማችሁም ፌስታሉን እንዳለ አምጡት፣ ለይተን እንሰጣችኋለን። ገላን ጉራ ለተዛወራችሁት ደግሞ በወር አንድ ቅዳሜ እኛ እንመጣለን። በማን ቤት እንደምንቀመጥና የትኛው ቅዳሜ እንደሚሆን ዛሬ ቡናው እየተፈላ ሳለ ከእናንተ ጋር እንወስናለን።